ደረቅ ባትሪ ደረቅ አይደለም

ባለፈው ስለ ኢንቨርተር (የባትሪን ሃይል ወደ ቤት መብራት ስለሚቀይረው ዕቃ) ከጻፍን በኋላ የመጣልን ጥያቄ አብዛኛው ስለ ኢንቨርተሩ ሳይሆን ስለ ባትሪው ሆኖ አገኘነው፤ እንዴት ላምጣው፣ የት ላስቀምጠው፣ አበጠብኝ፣ ሸተተኝ፣ ልጄ ነካው ምናምን። ስለዚህ የዛሬው አምድ ሙሉ በሙሉ ለባትሪ ነው፣ ያውም ለዛ ጥቁር ድፍን ሳጥን፣ ሁላችንም «ደረቅ ባትሪ» ለምንለው።

ጥያቄ
«ጋሼ እንዴት ነህ፣ እኔ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ስራ ፈትቼ ስለምውል አራት ባለ 100 አምፔር ደረቅ ባትሪ ከኮምቦልቻ ልገዛ ተነጋግሬያለሁ። ሚኒባስ ሳናግር ረዳቱ “ደረቅ አይደል እንዴ፣ ምን ይፈሳል ብለህ ነው፣ አስተኝተን ፖርቶመጋላ ላይ እናስረዋለን” አለኝ። እውነቱን ነው?»

መልስ
ወንድሜ ረዳቱ ግማሽ እውነት ነው የነገረህ። ይሄ ደረቅ የምንለው ባትሪ ውስጡ እንደማንኛውም የመኪና ባትሪ ሰልፈሪክ አሲድ አለው፣ ስሙ ነው ያሳሳተን እንጂ ደረቅ የሚባል ነገር የለውም። ልዩነቱ አሲዱ አይንቦጫቦጭም፣ ወይ እንደ ስፖንጅ በሚመጥ የመስታወት ክር ምንጣፍ ተይዟል፣ እሱ ኤጂኤም የሚባለው ነው፣ ወይ ደግሞ እንደ ጄሊ ረግቶ ተቀምጧል፣ እሱን ጄል ይሉታል። ውሃ የምትጨምርበት ክዳን የለውም፣ በምትኩ ከውስጥ ጋዝ ሲበዛ ብቻ የምትከፈት ትንሽ የጎማ ቫልቭ አለችው። ስለዚህ መንገድ ላይ ቢጋደም ወዲያው አይፈስም፣ እዚህ ድረስ ረዳቱ ልክ ነው። ሳጥኑ ከተሰነጠቀ ግን አሲዱ ቀስ እያለ ይወዛል፣ ሰላሳ ኪሎ የሚመዝን ነገር ከፖርቶመጋላ ላይ ወድቆ ደግሞ ካልተሰነጠቀ ተአምር ነው።

ረዳቱ ያልነገረህ ሌላኛው ግማሽ ይሄ ነው፤ ፋብሪካው አሲዱን አሸገልህ እንጂ ኮረንቲውን አላሸገልህም። ሁለቱ ጫፎች (ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ) ላይ ሃይሉ ቀን ከሌት ዝግጁ ነው፣ ማጥፊያ የለውም። ጋራዥ ውስጥ ያለው ብየዳ ማሽን 100 አምፔር አካባቢ ይዞ ነው ብረት የሚያቀልጠው፣ ያንተ አንዱ ባትሪ ግን ሁለቱ ጫፎቹ በብረት ተገናኝተው ሾርት ቢሆን ለአፍታ ከ1000 አምፔር በላይ ይለቃል። (ባለ 100 አምፔር የምንለው በሙሉ ስሙ አምፔር አወር ነው፣ የሚይዘው መጠን እንጂ በአንዴ የሚለቀው አይደለም።) 12 ቮልት ስለሆነ ብትነካው አይነዝርህም፣ ሰው የሚዘናጋውም በዚህ ነው፣ በእጅህ ነክተኸው ምንም ስላልሆንክ ምንም የማያደርግ ይመስልሃል።

እኔ ራሴ በዚህ ተቃጥያለሁ። አምስት ትንንሽ፣ ባለ 7 አምፔሯን የዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተር እንዳይጠፋ የሚይዘው ሳጥን) ባትሪ፣ ከኮምቦልቻ ገዝቼ ማዳበሪያ ውስጥ ከተትኳቸውና ፒንሳዬንም ከላያቸው ጣል አድርጌ እግሬ ስር አስቀመጥኩ። ወደ ደሴ በሚያወጣው የሐረጎ ኩርባ ላይ ሚኒባሱ ሲዞር ማዳበሪያው ተንሸራተተ፣ እኔም በእግሬ መለስ አድርጌ ወሬዬን ቀጠልኩ። ትንሽ ቆይቶ ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት «ኧረ ምንድነው የሚሸተው» አሉ፣ ላስቲክ የሚቃጠል ሽታ ነው፣ እኔ የመኪናው ፍሬን መስሎኛል። ጎንበስ ስል ማዳበሪያው በአንድ በኩል ቀልጦ ጭስ እየወጣ ነው። ረዳቱ በሩን ከፍቶ መንገድ ዳር ወረወረልኝ (ከነስድቡ)። ስንከፍተው ፒንሳው የአንዷ ባትሪ ሁለት ጫፍ ላይ ጋድም ብሎ አንደኛው ላይ ተበይዶ ነበር፣ በካቻቢቴ ነው የላቀቅኩት። ያቺ ፒንሳ እስከዛሬ አለች፣ አፏ ላይ የምስር ፍሬ የምታክል የተበላች ጉድጓድ አላት፣ ቀጭን ሽቦ ልቆርጥ ስል እዛች ጋ ስትደርስ ትስታለች።

እና ያንተን እንዲህ አድርገው። ከመጫኑ በፊት የእያንዳንዱ ባትሪ ሁለቱም ጫፍ መሸፈን አለበት፣ አዲስ ከሆነ ፕላስቲክ ቆብ ይዞ ይመጣል፣ ሻጩ ለማየት ብሎ አውልቆ ከጣለው መልሶ እንዲፈልግልህ አድርግ፣ ከጠፋም የድሮ ካላማዳሪ ቆርጠህ ደርበህ በኤሌክትሪክ ፕላስተር እሰረው። ካርቶኑ ካለ ከነካርቶኑ ይምጣ። አራቱን አንድ ላይ አገናኝቶ በካቮ አስሮ የሚሰጥህ ሻጭ ካለ እሺ እንዳትል፣ እሱ ስራ ያቀለለልህ ይመስለዋል ግን አራቱ ተከታትለው ከታሰሩ 48 ቮልት ሆነ ማለት ነው፣ አስረህ የምትጨርሰው ሱቅህ ከደረሰ በኋላ ነው።

ጭነቱ መኪናው ወለል ላይ፣ ቆሞ፣ እርስ በርስና ከግድግዳው ጋር ተጠጋግቶ እንዳይንቀሳቀስ ሆኖ ይቀመጥ፣ ከስር ካርቶን ወይ ጣውላ አንጥፍ። አጠገቡ የቤንዚን ጀሪካን አይኑር፣ ከላዩ ላይ ጤፍም ሆነ ሰው አይቀመጥበት፣ ወላሂ ባትሪ ላይ እንደ ዱካ ተቀምጠው ሲሄዱ አይቻለሁ። አራቱ ተደምሮ 120 ኪሎ ገደማ ስለሚሆን የሁለት ሰው ቦታ ነው፣ የሁለት ሰው ሒሳብ ክፈልና በሰላም ይግባ። ስታነሳው ለሁለት አንሱት፣ በስሩ ወይ በእጀታው እንጂ በጫፎቹ ይዘህ እንዳትስበው፣ ቀለበትህንና የብረት ሰዓትህን ቀድመህ አውልቅ። ቀለበት በብሎን መፍቻና በባትሪ ጫፍ መሃል ከገባ በሰከንድ ይግላል፣ ከዛ አይወልቅም።

ሱቅ ሲደርስ የቮልት መለኪያ ሜትር አስቀምጥበት፣ አርፎ የቆየ ጤነኛ ባትሪ 12.7 እና 12.8 ቮልት አካባቢ ያሳይሃል። ከ12.4 በታች ካሳየህ መጋዘን ውስጥ ቁጭ ብሎ የከረመ ነው፣ ለሻጩ ደውል።

ጥያቄ
«ሰኞ ገበያ እህል እነግዳለሁ። የዲጂታል ሚዛኔ ባትሪ አብጦ ሆዱ ወጣ፣ ልጁ “በመርፌ በሳ እናርገውና አየሩ ይውጣ” ይለኛል። ይቻላል ወይ?»

መልስ
አይቻልም አባባ፣ ልጁን ከመርፌው ጋር ያርቁልኝ። አየር አይደለም የነፋው፣ ባትሪው ሞልቶ እያለ ቻርጀሩ አላቆም ብሎት ግሎ ነው ፕላስቲኩ የለሰለሰው፣ ውስጡ ሃይድሮጅን ሊኖር ይችላል፣ ሲበሱት ደግሞ አሲድ ነው የሚወጣው። ያበጠ ባትሪ አይታከምም፣ ከሚዛኑ ያውጡት፣ ጫፎቹን በፕላስተር ሸፍነው ፕላስቲክ ሳፋ ውስጥ ከቤት ውጪ ጥላ ስር ያቆዩት። አዲስ ሲገዙ ቮልቱን እንዳይስቱ፣ አንዳንዱ ሚዛን 4 ቮልት አንዳንዱ 6 ቮልት ነው የሚፈልገው፣ ቁመናቸው ይመሳሰላል። ቻርጀሩንም አብረው ያስፈትሹት፣ አለበለዚያ አዲሱም እንዲሁ ይሆንብዎታል።

ጥያቄ
«እኔ ሹፌር ነኝ፣ በቀን ሶስት አራቴ ደሴ ኮምቦልቻ እመላለሳለሁ። ባትሪ ከቆላ ወደ ደጋ ሲወጣ በአየር ግፊት ይነፋል ይላሉ፣ እንደ ቺፕስ ፌስታል። እውነት ከሆነ ከአሁን በኋላ አልጭንም።»

መልስ
የቺፕሷ ምሳሌ ጥሩ ናት፣ ፌስታሏ ሐረጎን ስትወጣ እንደምትወጠር እኔም አውቃለሁ። ባትሪው ግን አብሽር። ኮምቦልቻ ወደ 1850 ሜትር፣ ደሴ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፣ በመሃል ያለው የአየር ግፊት ልዩነት 6 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። እነዚህ ባትሪዎች «አይፈስም» ተብለው እንዲጓጓዙ ለመመዝገብ 88 ኪሎፓስካል የግፊት ልዩነት ውስጥ ለሰዓታት ተቀምጠው፣ ተንቀጥቅጠውም ተፈትነው ነው፣ ያንተ ዳገት ለነሱ ምንም ማለት አይደለም። ባትሪ የሚነፋው በቻርጅና በሙቀት ነው። አንተን የሚያሰጋህ ኩርባው ነው፣ ያልታሰረ ባትሪ ፍሬን ስትይዝ የት እንደሚሄድ አታውቅም።

ጥያቄ
«ከኮምቦልቻ ኤርፖርት ወደ አዲስ አበባ ልበር ነው፣ ለወንድሜ ቢሮ ሁለት የዩፒኤስ ባትሪ ልውሰድለት አስቤ ነበር። አንዱ ሰው ይፈቀዳል ሌላው ይወረሳል ይለኛል፣ ግራ ገባኝ።»

መልስ
ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፣ ምክንያቱም የሚለየው ባትሪው ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው። በአለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ደንብ መንገደኛ ይዞት መሄድ የሚችለው የማይፈስ የሊድ አሲድ ባትሪ (ይሄው ደረቅ የምንለው) ከ12 ቮልት ያልበለጠ፣ ከ100 ዋት አወር ያልበለጠ፣ መለዋወጫ ከሆነ ደግሞ ከሁለት ያልበለጠ ነው። ዋት አወር ማለት ባትሪው የሚይዘው ሃይል መጠን ነው፣ ቮልቱንና አምፔር አወሩን አባዝተሽ ታገኚዋለሽ። ባለ 7 አምፔሯ 12 ሲባዛ 7፣ 84 ይመጣል፣ ታልፋለች። ባለ 9 አምፔሯ ግን 108 ነች፣ አታልፍም፣ የሚገርመው ሁለቱም በቁመትም በስፋትም አንድ አይነት ናቸው፣ ጎን ለጎን ብታስቀምጫቸው ጽሁፉን ካላነበብሽ አትለያቸውም። ያ ሰውሽ የተወረሰበት 9 አምፔር ሳይሆን አይቀርም ባይ ነኝ።

ባትሪው ላይ «የማይፈስ» የሚለው በእንግሊዝኛ (non-spillable) የታተመበት መሆኑን እዪ፣ ጫፎቹን ለየብቻ ሸፍነሽ እያንዳንዱን በየካርቶኑ አድርጊው። ኤርፖርት ላይ ሊትየም ነው ብለው ሊጠይቁሽ ይችላሉ፣ የሊትየም ህጉ ሌላ ነውና ባትሪው ላይ ያለው ጽሁፍ እንዲታይ አድርገሽ ያዢው። ከሁሉም በላይ ትኬት ስትቆርጪ ቀድመሽ ጠይቂ፣ አየር መንገዶች ከደንቡ በላይ ማጥበቅ መብታቸው ነው።

ጥያቄ
«አሰላሙ አለይኩም፣ ኮምቦልቻ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ አለኝ። ባትሪ በብዛት አምጥቼ ቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ አስቀምጬ ቀስ እያልኩ እሸጣለሁ፣ ግን ደንበኛ ከወሰደ በኋላ “ሃይል የለውም” እያለ ይመልስብኛል። ከፋብሪካ የታሸገ እቃ እንዴት ይበላሻል?»

መልስ
ወአለይኩም ሰላም። የታሸገ ስለሆነ ተኝቷል ማለት አይደለም ወንድሜ፣ ባትሪ ምንም ሳይነካ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ራሱን ይበላል፣ 25 ዲግሪ አካባቢ በወር 3 በመቶ ገደማ፣ ሙቀት ሲጨምር ደግሞ ፍጥነቱ ይጨምራል። የኮምቦልቻ ቆርቆሮ መጋዘን ከሰዓት በኋላ ስንት ዲግሪ እንደሚደርስ አንተ ከኔ በላይ ታውቀዋለህ። ባዶ ሆኖ ሲቆይ እርሳሱ ላይ ነጭ የሰልፌት ክርስታል እየጠነከረ ይሄዳል፣ ያ ከጠነከረ በኋላ ቻርጅ ብታደርገውም አይመለስም፣ የሞተውን ነው የምትሸጠው። ደንበኛህ ውሸቱን አይደለም።

በየባትሪው ላይ የገባበትን ቀን በማርከር ጻፍ፣ ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይውጣ። ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ከሆነ በየስድስት ወሩ፣ ሙቅ ከሆነ በየሶስት ወሩ ቻርጅ አድርገው። ከስሚንቶው ላይ ቢቀመጥ ሃይሉን ይመጠዋል የሚባለውን ተወው፣ የዘመኑ ፕላስቲክ ሳጥን ኮረንቲ አያሳልፍም፣ ጣውላ ማድረግህ ለእርጥበቱና ለመጎተቱ ከሆነ ግን ጥሩ ነው። አንዱን ባንዱ ላይ ስትደረድር ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አትለፍ፣ የላይኛው ክብደት የታችኛውን ጫፍ ያጣምመዋል።

ቻርጅ ስታደርግ የመኪና ባትሪ ቻርጀር አምጥተህ ዝም ብለህ እንዳትሰካበት። በሳጥኑ ጎን ላይ ሁለት ቁጥር ታትሟል፣ ሁሌ ተሰክቶ ለሚቆይ 13.5 እስከ 13.8 ቮልት ገደማ፣ እየሞላ እየወጣ ለሚሰራ ከ14.4 ጀምሮ ወደ 15 አካባቢ፣ ከስሩ ደግሞ ከስንት አምፔር በላይ እንዳትሰጠው ይላል። እሱን አንብብ፣ በእንግሊዝኛ ነው ግን ቁጥር ቁጥር ነው። ከልክ በላይ ከሞላ ቫልቯ ተከፍታ ሃይድሮጅን ትለቃለች፣ ሃይድሮጅን ደግሞ ከአየሩ 4 በመቶ ከደረሰ አንዲት ብልጭታ ይበቃዋል። ስለዚህ መስኮት ይከፈት፣ እዛ ክፍል ውስጥ ቡና አይፈላ፣ ሲጋራም አይጨስ። ገልብጠህ ደግሞ ቻርጅ አታድርግ፣ በጎኑ ቢተኛ የሚችል ባትሪ ብዙ ነው፣ በአናቱ ተዘቅዝቆ ግን አይሞላም።

ጥያቄ
«እኔ የቤት እመቤት ነኝ፣ ባለቤቴ መኪና ኤሌክትሪሺያን ነው። አሮጌ ባትሪ እያመጣ ጓሮ ይከምራል፣ ቁራሌው ሲመጣ ይሸጣል፣ አንዳንዴ ራሱ ይሰብርና እርሳሱን አውጥቶ በከሰል ያቀልጠዋል፣ በደንብ ያዋጣል ይላል። አንዱን ሲሰብር አሲዱ የአራት አመት ልጄ እጅ ላይ ተረጨ፣ ጎረቤት ቅቤ ቀቢው አለችኝ፣ ቀባሁት። ልጁ አሁን ደህና ነው፣ ግን ሌላ ጊዜ ምን ላድርግ?»

መልስ
እህቴ ልጁ ደህና በመሆኑ አልሃምዱሊላህ፣ ቅቤው ግን ልክ አልነበረም፣ ጎረቤትሽ ደግ አስባ ነው፣ ቅቤ አሲዱን ከቆዳው ላይ አፍኖ ነው የሚያስቀምጠው። አሲድ ሲነካ ውሃ ነው፣ ብዙ ውሃ፣ የሚፈስ ውሃ፣ ቢያንስ 20 ደቂቃ፣ ልብሱን እያወለቅሽ። ቧንቧ ከሌለ ጀሪካን እየደፋሽ። አይን ከሆነ የአይኑን ቆብ ገልጠሽ እንደዛው ውሃ እያፈሰስሽ ቆይተሽ ከዛ ወደ ሆስፒታል፣ ቦሩ ሜዳ ለአይንም ለቆዳም የታወቀ ነው፣ ቅርብሽ ሌላ ካለ ግን ቅርብሽ ጋ ሂጂ። ቤኪንግ ሶዳ ጥሩ ነው ሲሉ ሰምተሽ ይሆናል፣ እሱ ወለል ላይ ለፈሰሰ አሲድ ነው፣ በትነሽበት መፍላቱን ሲያቆም በጨርቅ ጠርገሽ በውሃ ታጠቢዋለሽ፣ በጓንት። ቆዳና አይን ላይ ሶዳ አይደረግም።

እኔን የአሲዱ ነገር አይደለም እንቅልፍ የነሳኝ፣ እሱ ቢያንስ ያቃጥላል፣ ሰው ያውቀዋል። የከሰሉ ነገር ነው። እርሳስ 327 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፣ የከሰል ፍም ከዛ በጣም ይበልጣል፣ ስለዚህ ቀላል ነው፣ ቀላል በመሆኑም ነው ሰው እንደ ምንም የሚያየው። ሲቀልጥ ጭሱና ብናኙ ጓሮው ላይ፣ የተሰጣው ልብስ ላይ፣ በርበሬው ላይ ያርፋል፣ አይሸትም አይታይም። አራት አመት ልጅ ደግሞ መሬት ነክቶ እጁን አፉ ውስጥ የሚከት ነው፣ የዋጠውን እርሳስ ከአዋቂ አራትና አምስት እጥፍ ነው ሰውነቱ የሚቀበለው። የአለም ጤና ድርጅት ለልጅ ይሄን ያህል ቢሆን አይጎዳም የሚባል የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል። የሚጎዳው አእምሮውን ነው፣ ደሙንም፣ ምልክቱ ደግሞ ሆድ ቁርጠት፣ ድካም፣ ትምህርት አለመግባት ነው፣ እኛ «ሰነፍ ነው» ወይ «ወስፋት ነው» ብለን የምናልፈው። አንቺም እርጉዝ ከሆንሽ ወደ ጽንሱ ይሻገራል።

ባለቤትሽን በዚህ ጽሁፍ እንዳትጣዪው፣ እንጀራው እንደሆነ አውቃለሁ፣ እኔም ድሮ እንደዛው ሳደርግ ነው የኖርኩት። ግን ሒሳቡን አስይው፣ የባትሪው ክብደት ከግማሽ በላይ እርሳስ ነው፣ ሙሉውን ሳይሰብር በኪሎ ቢሸጠው ያው እርሳሱን ነው የሚሸጠው፣ የሚያገኘው ትርፍ በከሰሉ ጭስ ምን ያህል ነው? ሙሉውን፣ ጫፉን ሸፍኖ፣ ቆሞ፣ ከልጅ እጅ ርቆ በክዳን ስር ይከምር፣ የተሰነጠቀውን ለየብቻ ፕላስቲክ ሳፋ ውስጥ። አሲዱን ቦይ ውስጥ መድፋት ደግሞ ይቅርብን፣ የደሴ ቦይ ቦርከና ወንዝ ነው የሚገባው፣ ቦርከና ኮምቦልቻ ነው የሚወርደው፣ እዛ ከብት ይጠጣዋል፣ አትክልት ይጠጣዋል።

እስካሁን ያቀለጠበትን ቦታ ልጁ እንዳይጫወትበት እጠሪው፣ በደረቁ እንዳትጠርጊው፣ ውሃ አርከፍክፈሽ ጥረጊ፣ እሱም ስራ ልብሱንና ጫማውን በር ላይ አውልቆ እጁን ታጥቦ ይግባ፣ ልብሱ ከልጁ ልብስ ጋር አብሮ አይታጠብ። ልጁን ደግሞ ጤና ጣቢያ ይዘሽው ሂጂ፣ አባቱ ቤት ውስጥ እርሳስ ያቀልጥ እንደነበር በግልጽ ንገሪያቸው፣ ካልነገርሻቸው ሃኪሙ ይሄን ሊጠረጥር አይችልም።